የክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች መጻኢ ዕድል

ስርዓተ ክወና ኮምፒውተርን የሚመራው መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው፤ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና የሚባለው ደግሞ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌሎች እንዲያድለው ፈቃድ የተሰጠበት ስርዓተ ክወና ነው። እንደ ፍሪቢኤስዲ ያሉም ቢኖሩ፣ በስርጭቱ የሚስተካከለው ያልተገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊነክስ ነው።

ስለ ወደፊቱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሊነክስ በቢሮና በቤት ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስን ይተካ እንደሆነ ነው። ይሁን እንጂ በሌላው መስክ ውድድሩ ካበቃ ቆይቷል፤ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም እጅግ ፈጣን የሆኑት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ሲሆን፣ የአንድሮይድ ስልኮችም ከርነላቸው (የስርዓተ ክወናው ዋና እምብርት) ይኸው ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ረገድ ግን ጉዞው ወጣ ገባ የበዛበት ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደሯን ወደ ሊነክስ ካዞረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። እዚያው ጀርመን የሽሌስቪሽ-ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት በበኩሉ የመንግሥት መረጃ በአንድ የውጭ ኩባንያ እጅ መውደቁ ስላሳሰበው፣ የ30,000 ያህል ሠራተኞቹን ኮምፒውተሮች ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንደሚያዛውር በ2024 አስታውቋል።

የእነዚህ ስርዓቶች ዕጣ ከተጠቃሚው ብዛት ይልቅ ኮዱን በሚንከባከቡት ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በጉልህ ያሳየው በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ፋይል ለማመቅ የሚያገለግለው ይህ አነስተኛ ሶፍትዌር በብዙ የሊነክስ ስርጭቶች (ሊነክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አዋህደው በሚያቀርቡ ጥቅሎች) ውስጥ ይገኛል፤ ለዓመታት የተሸከመው ግን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አካል ከሁለት ዓመት በላይ ቅን ረዳት መስሎ አመኔታ ካተረፈ በኋላ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ስውር መግቢያ ሸሸገ። ጉዳዩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻውም ከርቀት ለመግባት በሚያገለግለው በኤስኤስኤች በኩል ወደ ኮምፒውተር መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ የዘገየበትን ምክንያት እስከ ሥሩ ተከታትሎ ማግኘት እጅግ በከበደው ነበር፤ ሆኖም ብዙ ኩባንያዎች የሚተማመኑበትን ሥራ ያለ ክፍያ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መተው አሳሳቢ ነው፤ በፍጥነት ሊታረም ይገባል።

በቴክኒክ ረገድ ተስፋ ሰጪ እርምጃ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሊነክስ 6.1 ከሲ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጎን ለጎን ረስት የተባለውን ቋንቋ መቀበል የጀመረ ሲሆን፣ ይህም ለብዙ የደኅንነት ክፍተቶች መነሻ የሆኑትን የማኅደረ ትውስታ አያያዝ ስህተቶች ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። የፈቃዱ ጥንካሬም ተፈትኖ የታየ ነው፤ ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ሴንትኦኤስ የተባለውን የሊነክስ ስርጭት በነባር መልኩ ማውጣቱን እንደሚያቆም በ2020 ሲያስታውቅ፣ ኮዱ ክፍት ስለነበር ሮኪ ሊነክስና አልማሊነክስ የተባሉ ስርጭቶች ብዙም ሳይቆዩ ቦታውን ተክተዋል።

ለአማርኛ ተጠቃሚም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት መለኪያ) ከተካተተ ወዲህ በሊነክስ ላይ በአማርኛ መጻፍ የተቻለ ሲሆን፣ ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት መጫኛም በአማርኛ ቀርቧል። በሌሎች ፕሮግራሞች ያልተተረጎሙ ገጾች ብዙ ናቸው፤ እነሱን ለመሙላት ግን የማንንም ኩባንያ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።