በሕግ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፍ የባለጉዳይ ቅጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሥራ የተባረረች ሴት ሌሊት ስልኳን ከፍታ የአንድ ሕግ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ያገኘችውን ቅጽ ትሞላለች። ስሟን፣ የአሠሪዋን ስም፣ የደረሰባትን ሁሉ ጽፋ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቢሮው የሰው ምስጢር ተረክቧል። ድረ ገጽ የሚያሠሩ ጠበቆችም፣ የምንሠራላቸው ባለሙያዎችም ቅጹን እንደ ማስታወቂያ ስለምናየው እነዚህ ስህተቶች ይደጋገማሉ።

«ከታች ‹ይህን ቅጽ መሙላት የጠበቃና የደንበኛ ግንኙነት አይፈጥርም› ብለን ከጻፍን ኃላፊነት የለብንም።»

ይህ ማስተባበያ የሚናገረው ቢሮው ጉዳዩን ገና እንዳልያዘ ብቻ ነው፤ የተጻፈው ነገር ምስጢር መሆኑን አያስቀርም። በአሜሪካ የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 የወሰነው የባርተን ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ የሕግ ቢሮ ፓክሲል የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎችን በድረ ገጹ መጠይቅ ያስሞላ ነበር። ከመላካቸው በፊት የጠበቃና የደንበኛ ግንኙነት እንዳልፈጠሩ ምልክት አድርገው እንዲስማሙም ይጠይቃቸው ነበር። ክሱ ሲቀጥል የመድኃኒቱ አምራች መጠይቆቹ ይሰጡኝ አለ፤ የሥር ፍርድ ቤትም ይሰጡት ብሎ አዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ግን ትእዛዙን ሻረ፤ ጠበቃ ፍለጋ ምስጢራቸውን የሰጡ ሰዎች ቢሮው ግልጽ አድርጎ ባልጻፈው ማስተባበያ ሊጎዱ አይገባም አለ። ውሳኔው እኛን አያስገድድም። ሆኖም የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ስለማውጣት ሲደነግግ ጠበቆችን ይጠቅሳል። ስለዚህ ውል ያልፈረመ ሰው የጻፈውንም እንደ ደንበኛ ምስጢር ያዙት። ማስተባበያው ከቅጹ በላይ ተቀምጦ «ጉዳይዎን ገና አልያዝነውም፤ የጻፉልንን ግን ለሌላ አናሳይም» ቢል ሁሉም ይገባዋል።

«በመጀመሪያው ቅጽ ብዙ ብንጠይቅ ጊዜ እንቆጥባለን።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ባለጉዳዩ ሊከሰው የፈለገው ሰው ነባር ደንበኛችሁ ቢሆንስ? ታሪኩን በሙሉ ካነበባችሁት በኋላ እንዳላነበባችሁ መሆን አትችሉም፤ ነባሩንም አዲሱንም ልታጡ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ስም፣ ስልክ፣ የጉዳዩን ዓይነትና የተቃራኒ ወገንን ስም ብቻ ጠይቁ። ዝርዝሩ የጥቅም ግጭት አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ ይመጣል።

ማጣራቱ ራሱ በፊደላችን ምክንያት ሊያሳስት ይችላል። በቅጹ ላይ «ፀሐይ ዓለሙ» ተብላ የተጻፈች ሴት በቢሮው መዝገብ «ጸሀይ አለሙ» ተብላ ከገባች፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት፤ ፍለጋውም «የለም» ይላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲታዩ ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ አይደለም። የሚያሳዝነው ይህ ይሠራልኝ ብሎ ፕሮግራመሩን የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

«ከውጭ የመጣውን ቅጽ መተርጎም በቂ ነው።»

አይበቃም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ለእኛ ባዶ ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይጠየቅ። ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ባለጉዳይ «5/10/2016» ብሎ ቢጽፍ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን ነው፤ በአውሮፓ አጻጻፍ ኦክቶበር 5፣ በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 10 ይሆናል፤ ዓመቱም ከእኛው 2016 ጋር አንድ አይደለም። የጳጉሜን ቀን የማይቀበል ቅጽም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የተሰናበተችበት ቀን በስህተት ከተነበበ መብቷ ሊያመልጣት ይችላል። ወሩ በስሙ ከዝርዝር ይመረጥ፤ አቆጣጠሩም ይጻፍ።

«ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ስላለ መረጃው ተጠብቋል።»

ምልክቱ የሚያሳየው ኤችቲቲፒኤስ (መረጃን መንገድ ላይ የሚያመሰጥረው ዘዴ) የሚጠብቀው መረጃው ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ ሲሄድ ነው። ከደረሰ በኋላ ድረ ገጹ በተሠራበት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በዎርድፕሬስ፣ ዳታቤዝ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ሊቀመጥ፣ ቅጂውም ለሦስትና ለአራት ሰው በኢሜይል ሊበተን ይችላል። የኢሜይል ማሳወቂያው «አዲስ ቅጽ ደርሷል» ብቻ ይበል።

«ቅጹ የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ተጠያቂው እሱ ነው።»

ቅጹን የመረጣችሁትና መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተጠያቂ የሚያደርገው ይህን የሚወስነውን ነው። አለጣጠፉም ለውጥ ያመጣል። በአይፍሬም (በገጹ ውስጥ ሌላ ድረ ገጽ በሚያሳይ መስኮት) የገባ የሌላ ድረ ገጽ ቅጽ ውስጥ የተጻፈውን የእናንተ ገጽ ስክሪፕቶች (በገጹ ላይ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አያነቡትም። በቀጥታ በገጹ ውስጥ በስክሪፕት የተተከለውን ግን ለማስታወቂያ የገባው የፌስቡክ ፒክስል (የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ለፌስቡክ የሚልክ ኮድ) ጭምር ሊደርስበት ይችላል። ቅጹ ካለበት ገጽ ላይ ፒክስሉን አንሱት።

ከተላከ በኋላ የሚወጣው «እናመሰግናለን»ም ለባለጉዳዩ የሚነግረው ነገር የለም። በስንት ቀን እንደሚደወልለት፣ የክሱ ጊዜ እያለቀ ከሆነ ደግሞ ሳይጠብቅ በየትኛው ስልክ መደወል እንዳለበት እዚያው ጻፉለት።