የድሮ ፒፓ እውነተኛ ሠሪ ማን እንደሆነ መለየት ምንድን ነው?

በአሮጌ የትንባሆ ፒፓ አንገት ላይ ታትሞ የሚነበበው ስም ብዙውን ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ትልልቅ ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም ከሚያወጡት ሌላ ለትንባሆ ነጋዴዎች በደንበኛው ስም እያተሙ ያስረክቡ ነበር፤ እንጨቱ እንከን የተገኘበትን ደግሞ ዋናውን ስማቸውን እንዳያጎድፍ በሌላ ስምና በረከሰ ዋጋ ይሸጡት ነበር። ሰብሳቢዎች ‹ሴከንድ› የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው። እንግዲህ እውነተኛውን ሠሪ መፈለግ ማለት ከስሙ ጀርባ የትኛው ፋብሪካ እንደነበረ በዕቃው ላይ ከቀሩት ሌሎች ምልክቶች ማረጋገጥ ነው።

እንጨቱ ራሱ ብዙ አይናገርም። ብራየር የሚባለው እኛ በባሌና በስሜን ተራሮች አስታ ብለን የምናውቀው ተክል በሜድትራንያን አካባቢ ከሥሩ የሚያበቅለው እባጭ ሲሆን፣ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንሳይዋ ሴንት ክሎድ ከተማ በእርሱ ፒፓ ትሠራ ነበር። ሁሉም ፋብሪካ የሚጠቀምበት አንድ ዓይነት እንጨት በመሆኑ፣ ማስረጃው ያለው ማኅተሙ ላይ ነው።

የኮሞይ ቤተሰብ ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ፍራንሷ ኮሞይ ሥራውን በሴንት ክሎድ በ1825 ጀመረ፤ ሄንሪ ኮሞይ ደግሞ በ1879 ወደ ለንደን ተሻግሮ በዚያ ፋብሪካ አቋቋመ። ይህ ፋብሪካ በስሙ ከሚያወጣቸው ፒፓዎች ጎን ለጎን ‹ጊልድሆል›ን የመሳሰሉ ስሞችም ነበሩት። የጊልድሆልን ፒፓ አንስቶ አንገቱን በማጉያ መነጽር የሚመለከት ሰው ኮሞይ የሚል ቃል ላያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ‹በለንደን የተሠራ› የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በክብ ተጠምጥሞ፣ ‹እንግሊዝ› የሚለው ቃል ከሥሩ ቀጥ ብሎ ከታተመ፣ ይህ የኮሞይ ፋብሪካ የታወቀ አጻጻፍ ነው። ከዚያ የቅርጽ ቁጥሩ ይከተላል፤ ፋብሪካው ለዋናውም ለሴከንዱም ያንኑ የቁጥር ዝርዝር ይጠቀም ስለነበር፣ ቁጥሩና የፒፓው ቅርጽ ከኮሞይ ዝርዝር ጋር ከገጠሙ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል። በዋናው ኮሞይ አፍ መያዣ ላይ ያለው ‹ሲ› ፊደልም ዘመን ይናገራል፦ የጥንቱ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ነጭ ክብ ተቀብሮ፣ መሃሉ ተበስቶ በጥቁር ተሞልቶ፣ ጎኑ እንደገና ተበስቶ የተከፈተ የሦስት ቁራጭ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ድካም በኋለኛው ዘመን ሥራ ላይ አይታይም።

አንገቱ ላይ የብር ቀለበት ካለ ፍለጋው ሌላ በር ያገኛል። በእንግሊዝ ሕግ ብር ተመርምሮ ስለሚታተም፣ የሚራመደው አንበሳ ከ1000 ክፍል 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ መልሕቅ በበርሚንግሃም፣ የነብር ራስ በለንደን መመርመሩን፣ አንዲት ፊደል ደግሞ ዓመቱን ይገልጻሉ። ፊደሎቹ በየዙሩ ስለሚደጋገሙ ዓመቱ የሚለየው በፊደሉ አጣጣልና በዙሪያው ባለው ጋሻ ቅርጽ ነው፤ ሁለቱንም ሳያስተያዩ መፍረድ የብዙ አሥርተ ዓመታት ስሕተት ያመጣል። ከሁሉ የሚጠቅመው የስም መጀመሪያ ፊደላት ያሉበት ማኅተም ነው፤ ለምሳሌ የአዶልፍ ፍራንካው ድርጅት ቢ.ቢ.ቢ. በተባሉት ፒፓዎቹ ላይ የራሱን ፊደላት ያስመታ ነበር። ሆኖም ይህ ማኅተም ብሩን ለምርመራ ያቀረበውን እንጂ የግድ እንጨቱን የጠረበውን አይነግረንም፤ ቀለበቱም የተሰነጠቀ አንገት ለመጠገን በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ምልክቶች አንድ ፋብሪካ ላይ ካልተገናኙ፣ ‹የእገሌ ሥራ ነው› ብሎ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው።

ታዋቂ ስም እንኳ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አልፍሬድ ዳንሂል በ1907 በለንደን ዱክ ጎዳና ሱቅ ሲከፍት ፒፓ ሻጭ ነበር፤ የራሱን ፋብሪካ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሸጣቸው የሌሎች እጅ ሥራዎች ናቸው።

የድርጅቶች መዋሐድ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ኦፐንሃይመር የተባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ከ1920 ጀምሮ ካዶጋን በሚባል ድርጅት ሥር ብዙ ስሞችን ሰበሰበ፤ በ1980ዎቹም ኮሞይ፣ በፓሪስ በ1850 የተመሠረተው ጂ.ቢ.ዲ. የተባለው ፒፓ ሠሪ ወዳለበት ወደዚያው ጣሪያ ሥር ስለገባ፣ የጂ.ቢ.ዲ. ስም ያለበት ፒፓ የኮሞይን የቅርጽ ቁጥር ይዞ ይገኛል። ለዚያ ዘመን ዕቃ የሁለቱ ስሞች ባለቤትም ሠሪም ካዶጋን ነበር።