እንቅርት ስንል፦ ስለ አንገት ዕጢዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማርኛ «እንቅርት» የሚለው ቃል ዕጢውንም እብጠቱንም ስለሚጠራ፣ ብዙ ሰው በዓይን ያላየውን እንደሌለ ይቆጥራል። ብዙዎቹ ስሕተቶች የሚነሡት ከዚህ ይመስለኛል።

«አንገቴ አላበጠም፤ እንግዲያው ጤነኛ ነኝ» የሚለው አንዱ ነው። ከማንቁርት በታች በአየር ቧንቧው ላይ እንደ ቢራቢሮ ተዘርግቶ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነት ጉልበቱን የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀት ይመጣሉ፤ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች እብጠት ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ የተስተካከለ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

የአንገት ንቅሳት እንቅርትን ያጠፋል የሚል እምነትም አለ። ንቅሳቱ ለውበት ከሆነ ክፋት የለውም፤ ቀለሙ ግን ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ ከጡንቻ ሥር ያለውን ዕጢ አይደርስበትም።

«ጨው ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ ጎጂ ነው። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ በደጋ አገር ደግሞ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው እህሉም ድሃ ይሆናል። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል፤ ጉድለቱ የፅንሱን አእምሮ እስከ መጉዳት ይደርሳል። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል፤ ሆኖም ጨው ፀሐይና እርጥበት በሚያገኘው ክፍት ዕቃ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይቀንሳልና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ለወጥም መጨረሻ ላይ መጨመር ይሻላል። ለዓመታት የቆየ እብጠት ግን ጨው በመቀየር ብቻ ይጠፋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ የጨዉ ዋና ጥቅም መከላከል ነው።

ፓራታይሮይድ የታይሮይድ ቁራጭ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑት እነዚህ ምስር የሚያካክሉ ዕጢዎች ከታይሮይድ ጀርባ ተለጥፈው ይገኛሉ እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ የደምን ካልሲየም ይቆጣጠራሉ። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከተጎዱ ካልሲየም ይወርድና በከንፈር ዙሪያና በጣቶች ላይ መደንዘዝ፣ ብሎም የጡንቻ መኮማተር ይከተላል፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻም፣ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በሽታው አለቀ የሚለውን የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በ1883 እ.ኤ.አ. አፍርሶታል፤ ዕጢያቸውን ጨርሶ ያወጣላቸው ሕሙማን ቆይተው አካላቸውም አእምሯቸውም እየደከመ መሄዱን ራሱ ገልጿል። ዛሬ እንዲህ ያለው ታካሚ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን የተባለ ክኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ይዋጣል፤ የጠዋቱ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ካልሲየም የታዘዘለት ከሆነም የካልሲየሙ ክኒን አራት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይወሰዳል።