የሲሲሊ ባሮክ ምንድን ነው?

የሲሲሊ ባሮክ የሚባለው በደቡብ ጣሊያን በምትገኘው የሲሲሊ ደሴት፣ በተለይም ቫል ዲ ኖቶ ተብሎ በሚታወቀው የደቡብ ምሥራቅ ክፍሏ፣ እ.ኤ.አ. በ1693 ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የፈረሱ ከተሞች እንደ አዲስ ሲታነፁ የዳበረ የሕንፃ ጥበብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባሮክ ራሱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሮም ውስጥ ተጀምሮ በካቶሊካውያኑ አገሮች የተስፋፋ ዘይቤ ሲሆን፣ ግድግዳን እንደ ሞገድ እያጎበጠ፣ ዓምድን በዓምድ ላይ እየደረበ፣ ብርሃንንና ጥላን እያፈራረቀ የተመልካቹን ስሜት ለመማረክ ይጥራል። የሲሲሊው ቅርንጫፍ ያበበው ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሮም ታላላቅ የባሮክ የሕንፃ ጠበብት ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች «የኋለኛው ባሮክ» በሚለው ምድብ ያስቀምጡታል።

አብዛኛው ሰው ይህን ዘይቤ በጌጡ ብዛት ያውቀዋል፤ እኔ ግን ጌጡ ሁለተኛ ነገር ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መረዳት ያለብን ከተማው በፈረሰ ማግስት የተነሣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም እዚያው ፍርስራሹ ላይ እንሥራ ወይስ ቦታ እንለውጥ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የደረሰው ጃንዋሪ 9 ቀን ሲሆን፣ ዋናው ከሁለት ቀን በኋላ ጃንዋሪ 11 ቀን ተከተለ። የዘመናችን ተመራማሪዎች መጠኑን 7.4 ያህል አድርገው ይገምቱታል። ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ካታንያ ብቻዋን ከነዋሪዎቿ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። ሲሲሊ በዚያን ጊዜ በስፔን ዘውድ ሥር ስለነበረች፣ የንጉሡ እንደራሴ የካማስትራውን መስፍን ጁዜፔ ላንዛን ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ወደ አካባቢው ላከ፤ የመስፍኑ የቅርብ አማካሪ ደግሞ ካርሎስ ደ ግሩኔንበርግ የተባለ ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር።

እዚያው እንሥራ ወይስ ቦታ እንለውጥ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደየከተማው ተለያየ። ካታንያ በቀድሞ ቦታዋ ሆና መንገዶቿ ቀጥ ብለውና ሰፍተው ተቀደዱ፤ ሰፊ መንገድና ሰፊ አደባባይ ለዓይን ከማማሩ በላይ፣ ዳግመኛ መሬት ቢናወጥ ሕዝቡ ከግድግዳ ርቆ የሚሸሽበት ስፍራ ነውና። ኖቶ አሮጌውን ተራራ ትታ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ተዳፋት ላይ ከባዶ ተቆረቆረች። ኦኪዮላ የተባለችው መንደር ነዋሪዎች ደግሞ ግራሚኬሌ ተብላ ወደተሰየመች፣ ባለስድስት ማዕዘን አደባባይ ዙሪያ ወደተቀየሰች አዲስ ከተማ ተዛወሩ።

ራጉሳ ግን ከሁሉም የተለየ ነገር ገጠማት፤ ለሁለት ተከፈለች። ዛሬ ራጉሳ ኢብላ የሚባለው አሮጌው ክፍል በኢብሌይ ተራሮች መካከል፣ ገደላማ ሸለቆዎች በከበቡት ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ የሰፈራው ታሪክ ግሪኮች ሲሲሊን ሳይረግጡ በፊት እስከነበሩት፣ ሲኩሎች እስከተባሉት የደሴቷ ጥንታዊ ነዋሪዎች ይደርሳል። ከአደጋው በኋላ ከነዋሪዎቹ ገሚሱ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳማ ስፍራ ላይ መንገዶቿ እንደ ዳማ ሰሌዳ በቀጥታ የሚቋረጡ አዲስ ከተማ ሲመሠርቱ፣ ከአሮጌው ርስታቸው አንነቀልም ያሉት መኳንንትና ተከታዮቻቸው ኢብላ ላይ ቀሩ። ከመንቀጥቀጡ በፊትም በቅዱስ ጊዮርጊስና በመጥምቁ ዮሐንስ አጥቢያዎች መካከል የቆየ የቀዳሚነት ፉክክር ስለነበር፣ መለያየቱ ያንኑ ጠብ በመሬት ላይ አሰመረው። ቆይቶም ሁለቱ ሰፈሮች የየራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ከተሞች እስከመሆን ደርሰው፣ በአንድ አስተዳደር የተጠቃለሉት በ1926 ነው። ዛሬም አንዱን ከሌላው በእግር የሚያገናኘው ከሦስት መቶ በላይ እርከኖች ያሉት ረጅም ደረጃ ነው።

የሲሲሊ ባሮክ ምንነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚሁ ኢብላ ላይ ይመስለኛል። ኖቶ እንደ ቲያትር መድረክ ታቅዳ የተሠራች በመሆኗ ዘይቤው ያለ እንቅፋት ተንሰራፍቶባታል፤ ኢብላ ግን የመካከለኛውን ዘመን ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶቿን እንደያዘች ስለቀረች፣ ሰፊ ቦታና ቀጥተኛ ዕይታ የሚወደው ባሮክ ከአሮጌው የመሬት አቀማመጥ ጋር ተስማምቶ መኖር ግድ ሆነበት።

የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እንመልከት። የቀድሞው ሕንፃ በኮረብታው ጫፍ ላይ ነበር። ከፍርስራሹ የተረፈው፣ ጎቲክ በተባለው የመካከለኛው ዘመን ዘይቤ የተሠራው በር አሁንም ቆሞ ይታያል፤ ከመዝጊያው በላይ ሰማዕቱ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ቅርጽ ማንነቱን ለማንም ሳያስጠይቅ ይናገራል። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግን ወደ ከተማው መሐል፣ የቅዱስ ኒኮላዎስ ቤተ ክርስቲያን ወደነበረበት ቦታ ተዛወረ፤ ከቦታቸው አንነቀልም ያሉትም ቢሆኑ ደብራቸውን ማንቀሳቀሳቸው አልቀረም ማለት ነው። ንድፉን ያወጣው የሲራኩዛ ተወላጁ ሮዛሪዮ ጋልያርዲ ሲሆን፣ ግንባታው በ1730ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1775 ተፈጸመ። ከአደጋው እስከ ፍጻሜው ከ80 ዓመት በላይ አልፏል።

ጋልያርዲ የተሰጠው ቦታ ተዳፋት ነበር። እሱም ቤተ ክርስቲያኑን ከረጅም ደረጃ አናት ላይ ሰቀለው፤ ከአደባባዩ ጋርም ፊት ለፊት ሳይገጥም ጥቂት ዘወር ብሎ እንዲቆም አደረገው። ስለዚህ ከታች የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጎኑንም ጭምር ነው። የፊቱ ግድግዳ ሦስት ደርብ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ሲሆን፣ መካከሉ እንደ ተነፋ ሸራ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ግራና ቀኙን በክምችት የቆሙ ዓምዶች ይዘውታል፤ ደወሉም የተሰቀለው ለብቻው በተሠራ ማማ ላይ ሳይሆን እዚያው የፊት ግድግዳው የላይኛ ደርብ ላይ ነው። ይህ የፊት ግድግዳንና የደወል ማማን አንድ የማድረግ ዘዴ ከሲሲሊ ባሮክ ዋና መለያዎች አንዱ ነው። 43 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰማያዊ መስታወት የገባበት ጉልላት በ1820 የተጨመረ የኋላ ዘመን ሥራ ስለሆነ የባሮክ አካል አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሌላው መለያ በረንዳው ነው። በመኳንንቱ ቤቶች ላይ በረንዳን የሚሸከሙት የድንጋይ ድጋፎች የሰው፣ የአንበሳ፣ የክንፋም ፈረስና የአስቀያሚ ጭንብል ቅርጽ ተሰጥቷቸዋል። ኢብላ በሚገኘው የኮዘንቲኒ ቤት ከጭንብሎቹ አንዳንዶቹ ከአፋቸው እንቁራሪት፣ እባብና ጊንጥ ሲወጣ ይታያሉ፤ የሐሜት ምሳሌ ነው ተብሎም ይተረጎማል። ሐሜተኛ ጎረቤትን በድንጋይ ቀርጾ ከራስ በረንዳ ሥር ማዋል ምን ያህል የተጠና ብቀላ እንደሆነ ለማሰብ ብዙ አያስቸግርም።

ይህ ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ የተቻለው አካባቢው ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ስላለው ነው፤ በቀላሉ ይጠረባል፣ ዘመን ሲጫነው የማር ቀለም ይይዛል። ልስላሴው ጉዳትም አለው፤ ዝናብና ነፋስ ይበላዋል። ድክመቱ ግን የድንጋዩ ብቻ አይደለም። በ1990 አካባቢውን የመታው መንቀጥቀጥ የኖቶን ካቴድራል አናግቶት ነበርና፣ ማርች 13 ቀን 1996 ጉልላቱና ከጣሪያው ብዙው ክፍል ተደረመሰ፤ ሲመረመርም የተሸከሙት ዓምዶች ውጫቸው በተጠረበ ድንጋይ ያማረ፣ ውስጣቸው ግን በተራ ጠጠርና በደካማ ምርጊት የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ቫል ዲ ኖቶ ውስጥ ያሉ ስምንት ከተሞች፣ ራጉሳን ጨምሮ፣ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ካቴድራሉ ገና በጥገና ላይ ነበር። ዳግም የተከፈተው በ2007 ሲሆን፣ ጥገናው የተካሄደው የአካባቢውን ድንጋይና ነባሩን የግንባታ ስልት በመከተል፣ ዓምዶቹም በዚህ ጊዜ እስከ ውስጣቸው በተጠረበ ድንጋይ ተገንብተው ነው።