የሚከፈት ድልድይ ለጣና ዳር

የሚከፈት ድልድይ መንገድም በርም ነው። ሰውና መኪና ያሻግራል፤ ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ይነሳል ወይም ዞር ይላል። ጣና ላይ ዛሬ እንዲህ ያለ ድልድይ የለም። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የማይከፈት ነው። የሐይቁን ዳር የእግር መንገድ በጀልባ መግቢያ ላይ ለማሻገር ቢታሰብ ግን የሚከፈት ድልድይ ጥሩ መላ ነው። ጀልባ ከሥሩ እንዲያልፍ ከፍ ያለ ድልድይ ከተሠራ በግራና በቀኝ ረጅም መወጣጫ ይፈልጋል። የሐይቁ ዳር ደግሞ ሜዳ ነው፤ መወጣጫው ዳርቻውን ይውጠዋል።

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንዱ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ የሚነሳው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የተከፈተው የለንደኑ ታወር ብሪጅ ዓይነት። ሁለተኛው ወደ ጎን ይዞራል፤ ግብፅ ውስጥ በስዊዝ ቦይ ላይ ያለው የኤል ፈርዳን የባቡር ድልድይ እንዲህ ነው። ሦስተኛው በሁለት ማማዎች መካከል እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለባሕር ዳር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የሦስተኛው ማማዎች ዘንባባዎቹን አልፈው የሐይቁን እይታ ይከልላሉ፤ ያ ደግሞ ያሳዝናል።

የሚነሳ ድልድይ ምስጢሩ ሚዛን ነው። የገበያ ሚዛን አስቡ፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ከሆኑ በአንድ ጣት ይነሳሉ። የታወር ብሪጅ እያንዳንዱ ክንፍ፣ ማለትም የሚነሳው የመንገድ ክፍል፣ ከ1,000 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በጀርባው ያለው ክብደት ስለሚያመዛዝነው ግን ሞተሩ ያን ሁሉ አይሸከምም። ችግሩ ክንፉ ሲነሳ ያ ክብደት ወደ ታች መውረዱ ነው። መውረጃ ጉድጓድ ይፈልጋል። ጣና ደግሞ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ጉድጓዱ በግንቦት ደረቅ ሆኖ በመስከረም ኩሬ እንዳይሆን ክብደቱን ከመንገዱ በላይ ማንጠልጠል ይሻላል።

የድልድዩ ከፍታም የሚለካው ከመስከረሙ ውኃ ነው። ታንኳ ብዙ አያስቸግርም። ከደንገል የታሰረ ነው፤ ውኃው ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ቀዛፊው ቁጭ ብሎ ሲቀዝፍ ሁለት ሜትር ክፍተት ይበቃዋል። ወደ ክብራን ደሴትና ወደ ዘጌ የሚሄዱት ባለ ጣሪያ ሞተር ጀልባዎች ናቸው ተጨማሪ የሚፈልጉት። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ወረቀት ከማንሳቱ በፊት መቆሚያው ላይ ቆሞ ጀልባ ይቁጠር፤ የጣሪያቸውን ከፍታም ይለካ። አብዛኞቹ በተዘጋው ድልድይ ሥር ካለፉ በቀን ጥቂት ጊዜ መክፈት ይበቃል።

ነፋስም አለ። ጀልባ ነጂዎች በጠዋት መውጣት የሚወዱት ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ ነው። የተነሳ ክንፍ ያን ነፋስ እንደ ሸራ ይቀበለዋል፤ ማጠፊያውም ይህን መቻል አለበት። እንቦጭ እንዳይጠራቀም በውኃው ውስጥ የሚቆሙት ምሰሶዎች ጥቂት ይሁኑ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተር፣ እሱም ካልሠራ በእጅ የሚዞር ማንሻ ያስፈልጋል።

ድልድዩን የሚከፍተው ሰው፣ ማለትም ከፋቹ፣ የሚቀመጥበት ክፍል መንገዱንም ውኃውንም የሚያይ ይሁን። መጀመሪያ ደወል ይደወላል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሁለቱም ማገጃዎች ይወርዳሉ። ከፋቹ ድልድዩ ላይ ሰው አለመቅረቱን በዓይኑ ያያል። ከዚያ መቀርቀሪያው ይላቀቅና ክንፉ ይነሳል። ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መቀርቀሪያው ሳይቆለፍ ማገጃው አይነሳም።