ውርጭ ምንድን ነው? ከዝናቡ ዕድል ጋርስ ምን አገናኘው?

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አክስቴ በማለዳ ደወለችልኝ። የምትኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው። «ልጄ፣ ባቄላዬን ውርጭ መታብኝ። እናንተ ጋስ?» አለች። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ በስስ ሹራብ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። ብርዱ ያን ያህል አይደለም። በመካከላችን ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቅዳሜ ሄጄ ማሳውን አየሁት። ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ግን አረንጓዴ ነው። ከዚያ እስከዚህ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ውርጭ እንደ በረዶ ከላይ አይወርድም። «ውርጭ ወረደ» እንላለን እንጂ የሚፈጠረው እዚያው መሬት ላይ ነው። በረዶ ደመና ይፈልጋል። ውርጭ የሚመጣው ደመና ሲጠፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ከዚያ ሙቀት ብዙውን ወደ መሬት ይመልሳል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል። ነፋስም ከሌለ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር አይቀላቀልም። ስለዚህ ሣሩና ቅጠሉ ከአየሩ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። የቅጠሉ ገጽ ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ጤዛ ይሆን የነበረው እርጥበት ነጭ የበረዶ ብናኝ ሆኖ ይለጠፋል። ነጩን አመዳይ የሚሉትም አሉ።

ሰብሉን የሚገድለው ግን ነጩ አይደለም። ተክሉ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ሲቀየር ገላው ይቀደዳል፣ ይደርቃል። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ነጭ ነገር ሳይታይም ቅጠሉ ሊቃጠል ይችላል። ጠዋት ደህና መስሎ የታየው ማሳ እኩለ ቀን ላይ ጠቁሮ ይገኛል። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ሰው የጠላቱን መልክ እንኳ አያይም።

ረባዳውና ተዳፋቱ ለምን ተለያዩ? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስስና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። የአክስቴን ባቄላ የመታው እዚያ የተኛው ብርድ ነው።

ከፍታውን ደግሞ እናስላ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። በግርድፉ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይበርዳል። ባሕር ዳር ሌሊቱን 9 ዲግሪ ቢሆን ደብረ ታቦር 3 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። «3 ዲግሪማ ውርጭ አይደለም» የሚል ይኖራል። ግን የሜትዮሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው በሣጥን ውስጥ ሆኖ ከመሬት ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ብርድ ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። በሬዲዮ 3 ዲግሪ ሲባል ባቄላው ላይ 0 ሊደርስ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ትንበያ ሰማሁ!

እኛን ከፍታችን ብቻ ሳይሆን ጣናም ያግዘናል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውኃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ አየሩንም እርጥብ ያደርገዋል። እርጥብ አየር እንደ ጋቢ ነው፣ መሬቱን በአንዴ አያስበርደውም። ያ የማለዳ ጉምም የዚሁ ምልክት ነው፦ ከሞቀው ሐይቅ የተነሣ ተን ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው።

ወደ ዝናቡ ልምጣ። በባህላችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ ብሎ ነው የሚተነብየው። በትንበያው ውስጥ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 40 በመቶ» የሚል ዓይነት አነጋገር ይመጣል። አክስቴ ይህንን ሰምታ «ታዲያ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው።

የ30 ዓመት የበጋ ዝናብ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድሯል እንበል። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች» ናቸው። መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ 10 «ከመደበኛ በላይ»። ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ዕድል እንሰጠዋለን። 40 ሲባል ሚዛኑ ትንሽ ወደዚያ አዘንብሏል ማለት ነው። ከመቶ 60 እጁ አሁንም ሌላ ነገር የመሆን ዕድል ነው። 40 በመቶው ቀኑ ይዘንብበታል ማለት አይደለም። የትኛው ቀን፣ የትኛው ቀበሌ የሚለውንም አይነግረንም።

ሌላው ነገር፣ በጣና ዙሪያ የበጋ መደበኛ ዝናብ ራሱ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ከመደበኛ በላይ» የሚለውን ሰምተን ክረምት ተመለሰ ብለን መደንገጥ የለብንም። ግን ጥቂቱም ጊዜውን ካልጠበቀ ጉዳት አለው። ታጭዶ መሬት ላይ የተኛ ጤፍ በአንድ ከሰዓት ዝናብ ሊበላሽ ይችላል። ያው ዝናብ ግን መሬት በያዘው እርጥበት ላይ ለተዘራ ሽምብራ ሲሳይ ነው።

ደመናው ሲመጣ እንግዲህ ጤፉ ይሰጋል፣ ባቄላው ያርፋል። ሰማዩ ሲጠራ አውድማው ይደርቃል፣ ደጋው ላይ ውርጭ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ወቅት «ጥሩ አየር» ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የወቅቱ ትንበያ ምን እና የት እንደምንዘራ ለማሰብ ይረዳል። ለማጨድና ለመከመር ግን የ10 ቀኑንና የየዕለቱን ትንበያ መከታተል ይሻላል።

አክስቴ አሁን አመሻሽ ላይ ደጅ ትወጣለች። ኮከቡ ከተንቆጠቆጠና ነፋሱ ጸጥ ካለ የጎመን ችግኟን በገለባ ትሸፍናለች። ውኃ ካለ ቀን ላይ መሬቱን ታጠጣለች፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ጭስ ማጨሱን ትታዋለች፤ ጭስ ብቻውን ሙቀቱን እምብዛም አያስቀረውም። ባቄላውን ለከርሞ ተዳፋቱ ላይ ልትዘራ ነው። ረባዳውን ለሣር ትተወዋለች።