የልምምድ ፈተና ነጥብና የዋናው ውጤት፦ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

"ልምምድ ላይ 320 እያመጣሁ ዋናው ላይ 312 መጣብኝ፤ ምን ሆኜ ነው?" ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ብለው ጂአርኢ ወይም ጂማት የሚባሉትን የመግቢያ ፈተናዎች ከተፈተኑ ሰዎች ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ተቃራኒውም አለ። ልምምዱ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር አይቶ ወኔው የከዳው፣ ፈተናውን ከወር ወር እየገፋ የማመልከቻ ጊዜ የሚያልፍበት ሰው ማለቴ ነው። ሁለቱም የሚጎዱት ቁጥሮቹን በሚያነጻጽሩበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው በየጊዜው የሚነሱትን አስተሳሰቦች አንድ በአንድ ማየት የፈለግኩት።

"ልምምድ ላይ ያመጣሁት ነጥብ ዋናው ላይ ይደገማል"

ያው ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ አጋጣሚ ነው። ማንኛውም ፈተና ሲለካ ትንሽ ይዛነፋል። ጂአርኢ ላይ ቨርባልም (የቋንቋው ክፍል) ኳንትም (የሒሳቡ ክፍል) እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170 ነጥብ ነው የሚያዝላቸው፣ የእያንዳንዳቸው የመለኪያ ስህተት ደግሞ ወደ 2 ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ እውቀታችሁ ቅንጣት ሳይለወጥ ዛሬ 158፣ በሳምንቱ 155 ብታመጡ ምንም አይገርምም። 320 የሚባለው የሁለቱ ድምር ነው፤ ሲደመሩ ደግሞ መዛነፉ ይሰፋል። ከ320 ወደ 317 መውረድ መውረድ አይባልም። ስለዚህ "ነጥቤ 320 ነው" ከማለት "ከ315 እስከ 321 ባለው ውስጥ ነኝ" ማለት ይሻላል፤ ትምህርት ቤት ስትመርጡም በዚያው ልክ ብትመርጡ አትደነግጡም።

"ካመጣኋቸው ትልቁ ነው የኔ ትክክለኛ ነጥብ"

ብዙውን "ነጥቤ ወረደ" የሚለውን ሐዘን የሚያመጣው ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ ሰው አራት ልምምድ ሠራ እንበል፦ 311፣ 313፣ 320፣ 314። ሲጠየቅ የሚናገረው 320ውን ነው። "አቅሜ እሱ ነው፣ ሌላ ቀን ደክሞኝ ነበር" ይላል። ግን ያን ቀን ምን ነበር? ምናልባት ንባቡ በደንብ በሚያውቀው ርዕስ ላይ መጥቶለታል፣ በግምት የነካቸው ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ልክ ሆነውለታል። ዕድል ሲጨመርበት የመጣ ነጥብ ነው። የአራቱ አማካይ 314.5 ነው። ይህ ሰው ዋናው ላይ 312 ቢያመጣ ምንም አልወረደም፣ እዚያው ነው ያለው!

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ብዙ ሰው የፈተና ቀን የሚይዘው ትልቁን ቁጥር ባየ ማግስት መሆኑ ነው። ከላይኛው ጫፍ ላይ ተነስተህ ስትፈተን ቀጣዩ ቁጥር ወደ አማካዩ መመለሱ አይቀርም። ቀን ለመቁረጥ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ልምምዶች የምትፈልጉት አካባቢ መርጋታቸውን እዩ።

"የማንም ልምምድ ፈተና ያው ነው"

አይደለም። ጂአርኢን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ የሚባል ልምምድ አለው፣ ሁለቱ በነጻ ናቸው። የጂማት አዘጋጅ ጂማክም ሁለት ሙሉ ልምምድ በነጻ ይሰጣል። እነዚህ ከሌላው የሚለዩት በስማቸው አይደለም። ዋናው ፈተና ላይ የሚቆጠር ጥያቄ አስቀድሞ በብዙ ተፈታኝ ላይ ተሞክሮ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር የታወቀ ነው። የግል አሠልጣኝ ድርጅት ያ መረጃ የለውም፣ ነጥብ የሚሰላበት ቀመርም በእጁ አይደለም፤ የሚሰጣችሁ ቁጥር ግምት ነው። አንዱ ጥያቄውን ያከብደዋል፣ አንዱ ያቀለዋል። ከአንዱ 305 ከሌላው 318 አምጥታችሁ "በሁለት ሳምንት 13 ነጥብ ጨመርኩ" ማለት ራስን ማታለል ነው።

ይህን ስል ጣሏቸው ማለቴ አይደለም። ለመለማመጃ፣ ፍጥነት ለማዳበር፣ ለሁለት ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥን ለመልመድ በጣም ይጠቅማሉ። ቁጥራቸውን ብቻ አትመኑ። ከአዘጋጆቹ የመጡትን ልምምዶች ግን ቆጥቧቸው፤ አንዱን መጀመሪያ ላይ፣ ሌላውን ፈተናው ሲቀርብ።

"ስንት እንደመለስኩ ቆጥሬ ነጥቤን አውቃለሁ"

ጂአርኢ ላይ ቨርባልም ኳንትም 27 ጥያቄ አላቸው፣ መጀመሪያ 12 ከዚያ 15። የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው የመጀመሪያውን በሠራችሁበት ልክ ነው። ስለዚህ እኩል 20 የመለሱ ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ላያገኙ ይችላሉ። ጂማት ደግሞ በየጥያቄው ነው የሚለዋወጠው። ከወረቀት ላይ ሠርታችሁ መልስ ቆጥራችሁ የምታወጡት ነጥብ እንግዲህ ግምት ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

"ያንኑ ፈተና ደግሜ ስሠራው ጨመርኩ"

ጥያቄዎቹን ስለምታውቋቸው ነው። በትክክል ባታስታውሷቸው እንኳን ንባቡ አዲስ አይሆንባችሁም፣ ጊዜ ይተርፋችኋል። የተደገመን ፈተና ነጥብ ከሌላው ጋር አትደምሩት።

"ቤት የሠራሁትም ያው ፈተና ነው"

እስቲ እንዴት ነበር የሠራችሁት? ብዙ ሰው ጽሑፉን፣ ማለትም ድርሰት የሚጻፍበትን ክፍል፣ ይዘለዋል። "እሱ ለብቻው ነው የሚታረመው፣ ጊዜ አላጠፋም" ብሎ በቀጥታ ቨርባሉን ይጀምራል። ዋናው ጂአርኢ ግን ሁልጊዜ የሚከፈተው በ30 ደቂቃ ጽሑፍ ነው። ቨርባልና ኳንት የሚመጡባችሁ አእምሯችሁ ግማሽ ሰዓት ሲጨነቅ ከቆየ በኋላ ነው። ከመስከረም 2023 ወዲህ ፈተናው ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሲያጥር የነበረው የ10 ደቂቃ እረፍትም ቀርቷል። ቤት ውስጥ ግን መሃል ላይ ስልክ ይነሳል፣ ቡና ይቀዳል፣ "አንድ ደቂቃ ብቻ" ተብሎ ሰዓቱ ይቆማል።

ሌላ ሰው ብዙም የማያስበው ነገር ልጨምር። ጂአርኢን ከቤት ሆኖ የሚፈተን ሰው ተራ ወረቀት ላይ ማስላት አይፈቀድለትም፤ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት ላይ በሚጠፋ ማርከር ነው የሚጽፈው። ሙሉ ልምምዱን በደብተርና በእርሳስ የሠራ ሰው ያን ዕለት ማርከሩ ወፍሮበት፣ ቦታው ጠቦት፣ ያሰላውን እያጠፋ እንደገና ሲጀምር ደቂቃ ይበላበታል። የካልኩሌተሩም ነገር እንዲሁ ነው። ጂአርኢ ኳንት ላይ ያለው ስክሪኑ ላይ በማውስ የሚነካው ነው እንጂ የስልካችሁ አይደለም። ጂማት ኳንት ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ተደምረው ሦስት አራት ነጥብ ቢወስዱ አይገርመኝም። ቢያንስ ሁለቱን የመጨረሻ ልምምዶች ልክ እንደዋናው ሥሯቸው፤ ከጽሑፉ ጀምሮ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በዚያው መሣሪያ፣ ዋናው በሚሆንበት ሰዓት።

"ዋናው ፈተና ሆን ተብሎ ይከብዳል"

አዘጋጆቹ የተለያዩ ፈተናዎች ነጥብ እኩል ትርጉም እንዲኖረው በስሌት ያስተካክላሉ። ከበድ ያለ ጥያቄ የገጠመው ሰው ነጥቡ የሚሰላው ያ ክብደት ግምት ውስጥ ገብቶ ነው። የሚከብደው ብዙ ጊዜ ድንጋጤው ነው፣ እሱን ደግሞ ከላይ እንዳልነው በልምምድ ማለዘብ ይቻላል።

"ጓደኛዬ ልምምድ ላይ 700 አምጥቶ ነበር፣ እኔ 645 ነኝ፣ ገና ነኝ"

መቼ ነው የተፈተነው? የድሮው ጂማት ከ200 እስከ 800 ነበር። በኅዳር 2023 የጀመረው አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው፣ ነጥቡም ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። የአዲሱ 645 በፐርሰንታይል (ከስንት በመቶው ተፈታኝ እንደሚበልጥ) ሲታይ ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለውን ሳያዩ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ተስፋ የቆረጠ ሰው አለ፣ ያሳዝናል። በጂአርኢም ቢሆን 160 ሁሉ እኩል አይደለም፤ ቨርባል ላይ 160 ያመጣ ሰው ከአብዛኛው ተፈታኝ በጣም ይርቃል፣ ኳንት ላይ ግን መሃል አካባቢ ነው።

"ዝቅ ካለ ቶሎ ብዬ እደግመዋለሁ"

ጂአርኢን ለመድገም 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ያንን ጊዜ ሌላ አምስት ልምምድ በመደርደር አትፍጁት። መጀመሪያ የወረደው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ኳንቱ ብቻ ከወረደ የሰዓት አያያዝና ስሌቱን ተመልከቱ። ቨርባሉ ብቻ ከሆነ ልምምድ ላይ የነበሩት ንባቦች አስቀድማችሁ ያያችኋቸው ነበሩ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ሁኔታው ነው፤ እንቅልፍ፣ ጽሑፉ ያመጣው ድካም፣ ክፍሉ። ልዩነቱ ከሁለት ሦስት ነጥብ ካልበለጠና የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ መድገሙን ተዉትና የማመልከቻ ጽሑፋችሁ ላይ ተቀመጡ።